ረጅሙን ሌንስ የተውኩበት ምክንያት

የባለቤቴ ታናሽ እህት ለሱቋ ልብስ ለማምጣት ዱባይ ትመላለሳለች። ባለፈው ዓመት በዕንቁጣጣሽ ማግስት ቤታችን መጣችና እንደ ልማዷ ቁጭ ሳትል በሩ ላይ እንደቆመች፣

"ጋሼ፣ መስቀል እንዳለፈ እሄዳለሁ። ለካሜራዎ አንድ ነገር አመጣልዎታለሁ። አንድ! ሁለት የሚል ቃል ከአፍዎ ከወጣ አንዱም ቀረ" አለችኝ።

"ምነው ሁለት ቢሆን?"

"ሻንጣዬ የሴት ልብስ ነው የሚይዘው። ባለፈው ያስመጡኝ የብሎን መፍቻ ስንት ቀሚስ እንደቀደደብኝ ረሱት?"

አልረሳሁትም። መፍቻው እስከ ዛሬ ያገለግለኛል፤ ቀሚሶቹ ምን እንደሆኑ ግን ደፍሬ ጠይቄያት አላውቅም።

ጅማ ለስልክ የሚሆን ነገር ሞልቶባታል። መሸፈኛው፣ ጆሮ ላይ የሚሰካው፣ ክብ መብራቱ በየሱቁ ደጃፍ ተንጠልጥሏል። ለካሜራ የሚሆን ግን አይገኝም። የሠርግ ፎቶ ቤቶች ለራሳቸው ያስመጣሉ እንጂ ለሌላ አይሸጡም። እንደ እኔ ለእንጀራው ሳይሆን ለደስታው ለሚያነሳ ሰው ገበያው የመንገደኛ ሻንጣ ነው። ሻንጣው ለእኔ የሚገኘው በዓመት አንዴ ነው፤ ያውም ለአንድ ዕቃ። ምርጫህ ከተሳሳተ ስህተቱ ዓመት ሙሉ መደርደሪያ ላይ ተቀምጦ ያይሃል።

ሥራዬ የቡና መፈልፈያ ማሽን መጠገን ነው። ወደ አጋሮ አቅጣጫ ያሉት ማሽኖች አብዛኞቹ ያውቁኛል፤ ሲያስፈልግ በወዲያኛው መንገድ እስከ ሰኮሩ እጠራለሁ። ይህን ሙያ ያስተማረኝ ትምህርት ቤት የለም። የተበላሸውን በመፍታት፣ የፈታሁትን መልሶ በመግጠም፣ ተርፎ የቀረ ብሎን ካለ ደግሞ በመደንገጥ ነው የተማርኩት። ካሜራውንም እንዲሁ። ሃምሳ ዓመት ካለፈኝ በኋላ ሠርግ የሚያነሳ አንድ ጎረቤቴ የተሻለ ገዛና አሮጌውን ለእኔ ሸጠልኝ። አብሮት የመጣው ሌንስ አንድ ብቻ ነው፤ ትንሽ የሚያሰፋ፣ ትንሽ የሚያቀርብ፣ ሁሉንም በመጠኑ የሚያደርግ፣ አንዱንም በደንብ የማያደርግ። የእንግሊዝኛውን መመሪያ መዝገበ ቃላት አጠገቤ አድርጌ ከዳር እስከ ዳር አነበብኩት። ብርሃን የሚገባበት ቀዳዳ ሲሰፋ ቁጥሩ ለምን እንደሚያንስ አልገባ ብሎኝ ብዙ ተቸግሬያለሁ። የገባኝ ቀን ብቻዬን ሳቅሁ። ራሱን የሚያስተምር ሰው የሚያመሰግነው መምህር ስለሌለው ለራሱ ቢስቅ አይፈረድበትም።

ቤቴ ውስጥ አንድ ሕግ አለ። ያለህን ሳትጨርስ የሌለህን አትመኝ። ደብተር ሳያልቅ ሌላ ደብተር የለም፣ ጫማ ሳያልቅ ሌላ ጫማ የለም። ልጆቼ በዚህ ሕግ አድገዋል፤ እያደጉ ሲያጉረመርሙም ሰምቻለሁ፤ አልተጸጸትኩም። እናም ያን ሰሞን ለእረፍት ከዩኒቨርሲቲ የመጣችው ትልቋ ልጄ ስልኬ ላይ አጎንብሼ ሌንስ ስመለከት ስታገኘኝ ፊቷ ላይ የታየው ደስታ የተለየ ነበር።

"አባዬ፣ ያለህ አለቀ እንዴ?"

"ምኑ?"

"ሌንሱ። ያለህን ሳትጨርስ የሌለህን አትመኝ አይደል?"

"ሌንስ የሚያልቅ ነገር አይደለም።"

"የእኔም ጫማ አላለቀም ነበር። ጠቦኝ ነበር እንጂ።"

"እሱ ሌላ ነው" አልኩ፤ አባት መልስ ሲያጣ የሚለው ነገር ይኸው ነው።

ፍላሽ ተመኝቼ ነበር፣ ባለሦስት እግር መቆሚያም ተመኝቼ ነበር፤ ልቤን የወሰደው ግን ረጅሙ ሌንስ ነው። ወደ አጋሮ በሚወስደው መንገድ ላይ ቡናው የሚያድገው በትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር ነው። እዚያ ዛፎች ላይ ጉሬዛዎች ጥቁርና ነጭ ካባቸውን አንጠልጥለው ይቀመጣሉ፤ የዱር ወፉም ብዙ ነው። የእኔ ሌንስ ጉሬዛዋን የዝንብ ያህል ነው የሚያሳየኝ። ረጅሙ ሌንስ ግን ከመንገድ ዳር ቆመህ የዓይኗን ሽፋሽፍት ይቆጥርልሃል። ወፍ ብቻ አይደለም። ገበያ ውስጥ የምትመዝነውን ሴት፣ ጥላ ሥር የሚከራከሩትን ሽማግሌዎች፣ ሳያዩህ ከሩቅ ታነሳቸዋለህ።

ይህን ለልጄ ሳብራራ እስከ መጨረሻው ሰማችኝ። ከዚያ፣

"አባዬ፣ አትቆጣኝና አንድ ነገር ልበል?"

"ካልተቆጣሁ ምን ዋጋ አለው፤ በይ።"

"አንተ ረጅሙን የምትፈልገው ሰው ማናገር ስለማትወድ ነው። 'ላንሳዎት ወይ' ብለህ መጠየቅ ይከብድሃል። ከሩቅ ከሆነ ግን ጥያቄ የለም።"

ተቆጣሁ። አርፈሽ ትምህርትሽን ተማሪ አልኳት። እሷ ወደ ጓዳ ከገባች በኋላ ግን ካሜራው ውስጥ ያሉትን ፎቶዎች አንድ በአንድ ማየት ጀመርኩ። ሰዎች አሉ፤ ብዙዎቹ ግን ጀርባቸውን የሰጡ ናቸው፣ ወይም በጎን የሚያልፉ። ከፊት ለፊት ወደ እኔ የሚያየው ከቤተሰቤ ሌላ አንድ የታሰረ በሬ ብቻ ነው። እውነት ከልጅ አፍ ሲወጣ ቁጣ ያስነሳል፤ ቁጣው ሲበርድ ግን እውነቱ እዚያው ቁጭ ብሎ ይጠብቅሃል።

የልጄ ምክር ሌላ ነበር። "ሃምሳውን ግዛ። ኢንተርኔት ላይ ሁሉም መጀመሪያ እሱን ግዙ ነው የሚሉት። አሪፍ ነው፤ ፊቱን ጥርት፣ ከኋላ ያለውን ብን ያደርገዋል።" ለማያውቅ ሰው ላስረዳ። ሌንስ ላይ የሚጻፈው ቁጥር ሲያድግ ሌንሱ ከሩቅ ያቀርባል፤ ሲያንስ ሰፋ አድርጎ ያሳያል። ሃምሳው ወደፊትም ወደ ኋላም የማይል፣ ባለበት የሚቆም ሌንስ ነው፤ ብርሃን ግን በብዛት ይቀበላል። ሠላሳ አምስት የሚባል ታናሽ ወንድምም አለው፤ እሱም ባለበት ይቆማል፣ ግን ሰፋ ያደርጋል።

እኔ ኢንተርኔት ላይ ያሉትን ሰዎች አልንቅም፤ ብዙ አስተምረውኛል። ነገር ግን ማናቸውም የእኛን ሳሎን አላዩትም። ማሽን ስጠግን የተማርኩት አንድ ነገር አለ። ባለቤቱ "ሞተሩ ሞቷል፣ አዲስ ልግዛ" ብሎ ይጠራኛል፤ ሄጄ ሳየው ብዙ ጊዜ የላላው ቺንጋው ነው፣ ሞተሩን ከማሽኑ የሚያገናኘው ቀበቶ። ስለዚህ ከመግዛት በፊት የጎደለው ምን እንደሆነ መለካት ይገባል። ካሜራዬ ላይ ያለው ሌንስ ከሃምሳ ትንሽ አለፍ ይላል። ቁጥሩን ሃምሳ ላይ አደረግኩና የኤሌክትሪክ ሽቦ በምጠቀልልበት ጥቁር ናስትሮ ዙሪያውን አሰርኩት። አይሰፋም፣ አያቀርብም። እስከ ሳምንቱ መጨረሻ በዚህ ብቻ አነሳለሁ፣ ከዚያ ሠላሳ አምስት ላይ አስሬ እሞክራለሁ አልኩ።

"አባዬ፣ ሌንሱን ጠመጠምክበት?" አለች ልጄ።

"አሰርኩት።"

"ምን አጠፋ?"

የመጀመሪያው ፈተና ባለቤቴ ነበረች። ቦሳ አዲስ ያለው ቤታችን ሰፊ አይደለም። ጠረጴዛው አጠገብ ምስር ስትለቅም አየኋትና ብርሃኑ ደስ አለኝ። ካሜራውን ሳነሳ ፊቷ ብቻ ሞላው፤ ምስሩም እጇም የለም። ወደ ኋላ ሄድኩ፣ ግድግዳው ያዘኝ። በሩን ከፍቼ ወጣሁ፣ አሁንም ትንሽ ጎደለ። በመጨረሻ ግቢው ውስጥ ውሃ ማጠራቀሚያው አጠገብ ቆሜ በበሩ በኩል አነሳኋት።

"ምን ሆነህ ነው የገዛ ቤትህን ከደጅ የምታጮልቀው?" አለችኝ።

"ሌንሱ ነው።"

"ሌንሱ ከቤት አስወጣህ?"

"ለጊዜው።"

"እንግዲያው ከውጭ ሳለህ ልብሱን ከገመዱ ላይ አውርደው።"

ልብሱን አወረድኩት።

በዚያው ሳምንት ወዳጄ መጣ። ይህ ወዳጄ ልብስ ሰፊ ነው፤ ጅማ ተወልዶ ያደገ፣ ሁለት ቋንቋ በአንድ ዓረፍተ ነገር የሚናገር፣ ሱሪዬን ሲያሳጥር ምክር የሚጨምርልኝ ሰው። አባቱ አጋሮ ነው የሚኖሩት፤ በጣም አርጅተዋል።

"ከአጋሮ ማሽን እንደጠሩህ ሰምቻለሁ" አለኝ። "አብሬህ ልሂድ። አባቴን ፎቶ አንሳልኝ።"

"ልጆችህ ስልክ የላቸውም?"

"አላቸው። አባቴ ስልክ ሲያይ እንደ መታወቂያ ፎቶ ድርቅ ይላል። በዚያ ላይ ቤቱ ጨለማ ነው። አንዱ ልጅ በመብራት ሲያነሳው ቀኑን ሙሉ ዓይኑ አለቀሰ፤ ሞራ የተገፈፈ ዓይን ነው።" ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። "እናቴ ያለ ፎቶ ነው ያለፈችው። ልጆቼ ፊቷን አያውቁትም። ምን ትመስል ነበር ሲሉኝ፣ ወላሂ፣ እኔም እየጠፋብኝ ነው። አባቴን እንደዚያ አላደርገውም። መታወቂያ ላይ ያለው ሰውዬ እሱ አይደለም፤ እሱን ራሱን የሚመስል አንድ ፎቶ፣ አንድ ብቻ፣ እፈልጋለሁ።"

ፍላሹ ከምኞቴ የወጣው ያኔ ነው። የተለመነ ሰው የሚያነሳው ፎቶ ለደስታ ከሚያነሳው ይከብዳል፤ እሺ አልኩት፣ ልቤ ግን አላረፈም።

አጋሮ ማሽኑን ጨርሼ እጄን ታጥቤ ወደ ቤታቸው ሄድን። ሳሎኑ ጠባብ ነው። አንድ መስኮት አለ፤ እሱንም የአቮካዶ ዛፍ ጋርዶታል። አዛውንቱ በሩ አጠገብ ወለሉ ላይ በተነጠፈ ፍራሽ ላይ እግራቸውን አጥፈው ተቀምጠዋል። ሰላም አልኳቸው፤ ስለ ጤናቸው፣ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ቡናው ተጠያየቅን። ደጅ ቢወጡ ብርሃን አለ ስላቸው፣

"ሰው የሚነሳው ቤቱ ነው። ደጅ የሚነሳው መኪና ነው" አሉ።

በዚህ መሃል ለወዳጄ ደንበኛ ደወለለትና ወደ ግቢው በር ወጣ። እኔና እሳቸው ቀረን። ካሜራውን ሳወጣ ሌንሱ ሃምሳ ላይ እንደታሰረ ነው። ናስትሮውን ልፈታው እችል ነበር፤ ግን ሕግ ሕግ ነው ብዬ ተውኩት። ፊታቸው ብቻ ሞላው። ወደ ኋላ ሄድኩ፣ የልብስ ሳጥኑ ያዘኝ። በሩን አልፌ ደጃፉ ላይ ቆምኩና ከዚያ ማነጣጠር ጀመርኩ።

"ና ካሲ" አሉኝ አዛውንቱ በኦሮምኛ። አንሳኝ ማለት ነው። ይህን ያህል ኦሮምኛ አውቃለሁ።

"እሺ አባባ፣ እያነሳሁዎት ነው" አልኩና አነሳሁ።

"ና ካሲ!"

እንዴት ያለ ፎቶ የሚወድ ሰው ነው ብዬ ደስ አለኝ። ልጁ ድርቅ ይላል ያለው ትክክል አይደለም። አሁንም አነሳሁ።

"ኮቱ! ኮቱ፣ ና ካሲ!" አሉ፤ ኮቱ ማለት ና፣ ቅረብ ማለት ነው።

"አይ አባባ፣ ከዚህ ይሻላል፤ ከቀረብኩ ሌንሱ አይዝዎትም" አልኳቸውና ጭራሽ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሸሸሁ።

ያኔ በጥርት ያለ አማርኛ ጮሁብኝ።

"አንተ ልጅ፣ ደንቆሮ ነህ? እግሬ ደንዝዟል! አንሳኝ፣ ከዚህ አንሳኝ ነው የምልህ!"

ወዳጄ ስልኩን ይዞ ሲሮጥ መጣ። ነገሩን ሲረዳ የግቢውን አጥር ተደግፎ ሳቀ፤ ስልኩ ውስጥ ያለው ደንበኛ ምን እንዳሰበ አላውቅም። "ወላሂ፣ አባቴ አንሳኝ ብሎ ሲለምንህ አንተ ታነሳዋለህ!" አለ።

በአማርኛም በኦሮምኛም ቃሉ አንድ ነው። የወደቀም ይነሳል፣ ፎቶም ይነሳል። ይህን ከልጅነቴ ጀምሮ ስናገረው ኖሬ አንድም ቀን አስቤበት አላውቅም ነበር።

ገብቼ ካሜራውን ሳጥኑ ላይ አስቀመጥኩ። አንድ እጄን በብብታቸው ሥር አስገብቼ፣ በሌላው ክንዳቸውን ይዤ አነሳኋቸው። ቀላል ይሆናሉ ብዬ ነበር፤ ከባድ ናቸው። ትከሻዬን ጨብጠው እግራቸው እስኪነቃ ቆሙ፤ ፊታቸው ከፊቴ አንድ ክንድ ነው የሚርቀው። የሳሙና ሽታ አላቸው። የግራ ቅንድባቸው ላይ አንድ ነጭ ፀጉር ከሌሎቹ ተለይቶ ረዝሟል። ቁጣው ወጥቶላቸው መሳቅ ሲጀምሩ መጀመሪያ አንዱ ዓይን ብቻ ይጠባል፣ ሌላው ቆይቶ ይከተለዋል። ልጃቸው ሲስቅ ልክ እንደዚያ ነው። ልጁ የለመነኝ ፎቶ ይኸው ከፊቴ ቆሟል፤ ካሜራው ግን ሳጥኑ ላይ ነው፣ እጄ ላይ ቢኖርም ሌንሱ ታስሯል።

ወንበር ላይ ካስቀመጥናቸው በኋላ ያነሳኸውን አሳየኝ አሉ። ስክሪኑን ዓይናቸው አጠገብ አድርገው ረጅም ጊዜ አዩት። ከጨለማው የተነሳ ሁሉም ተንቀጥቅጧል።

"ይሄ ማነው?"

"እርስዎ ነዎት አባባ።"

"እኔ? ይሄ የተሰጣ ጋቢ ነው።" ካሜራውን መለሱልኝ። "በል፣ ልብስ ሲደርቅ ተመለስ።"

በሚኒባስ ወደ ጅማ ስንመለስ ጉሬዛዎቹ ዛፋቸው ላይ ነበሩ። ወዳጄ ትከሻዬ ላይ ተኝቷል። ሰው ዕቃ ሲመኝ ዕቃው የሚሰጠውን ብቻ ነው የሚያየው፤ የሚወስድበትን አያይም። ረጅሙ ሌንስ ጉሬዛዋን ይሰጠኛል። የሚወስድብኝ ደግሞ "ላንሳዎት ወይ" የሚለውን ጥያቄ ነው፣ እሱም እኔ ጋ ድሮውንም ጥቂት ነው። ደካማ ጎንህን የሚያደልብ ዕቃ መልካም ዕቃ አይደለም። ይህን ለልጆቼ ብዙ ጊዜ በሌላ ነገር ላይ ነግሬያቸዋለሁ፤ በራሴ ላይ ስጠቀምበት ግን የመጀመሪያዬ ነበር፣ አልጣመኝም።

ቤት ስደርስ ናስትሮውን ፈትቼ ሠላሳ አምስት ላይ መልሼ አሰርኩት። እስከ መስቀል በእሱ አነሳሁ። ባለቤቴን ከነምስሯ ከክፍሉ ሳልወጣ ያዛት። ደመራው ሲለኮስ ጎረቤቶቼን አነሳሁ፤ ፊታቸውን ለማግኘት መቅረብ ነበረብኝ፣ ለመቅረብ ደግሞ መናገር ነበረብኝ። አንዷ ጎረቤቴ "ዛሬ ምን ነካዎት፣ ሰላም አሉኝ እኮ!" አለችኝ።

የባለቤቴ እህት ልትሄድ ስትል አጭሩን፣ ሠላሳ አምስቱን፣ ብርሃን የሚቀበለውን እንድታመጣልኝ ነገርኳት። ቁጥሩንና የካሜራዬን ዓይነት ጽፌ ሰጠኋት፤ ሌንስ ለካሜራው ዓይነት ካልሆነ እንደ ሌላ ሰው ጥርስ ነው፣ አይገጥምም። ነገሩ በዚህ ያለቀ መስሎኝ ነበር።

ከሄደች በኋላ አንድ ቀን ማሽን ሥር ተኝቼ እጄ በግራሶ ተነክሮ ሳለ ስልኬ ጮኸ። የድምፅ መልእክት ነው። በክርኔ ከፈትኩት።

"ጋሼ፣ ሱቁ ውስጥ ነኝ። አጭሩን አገኘሁት። ግን ሰውየው ሌላ አሳየኝ፤ ክንዴን ያህላል፣ ያ ሲያወሩለት የነበረው ረጅሙ ነው። ዛሬ ብቻ ቅናሽ አለው ይላል፤ አሁን ከአጭሩ ብዙም አይበልጥም። የቱን ላምጣ? ቶሎ ይበሉ፣ ታክሲ ቆሞብኛል።"

ፎቶውንም ላከችው። በእጇ ላይ አጋድማ ይዛዋለች። እውነቱን ልናገር፤ አምሮኝ ነበር። ማሽኑ ሥር ተኝቼ ለራሴ ምክንያት መደርደር ጀመርኩ። አጭሩ ሁልጊዜ ይገኛል፣ ቅናሽ ግን ሁልጊዜ አይገኝም። አዛውንቱም ለዓመቱ ይደርሳሉ። ይህን የመጨረሻውን ሳስብ አፈርኩ። ለቅናሽ ብዬ የሰው አባት ዕድሜ ላይ ተወራረድኩ ማለት ነው። ቅናሽ የሚባል ነገር ክፋቱ ይኸው ነው፤ የማትፈልገውን ነገር ያስፈለገህ ያስመስለዋል፣ የሚያስፈልግህን ደግሞ የሚቆይ ያስመስለዋል።

ለልጄ ደወልኩላት።

"አባዬ፣ እኔ ምን ልበልህ፤ አንተ ነህ የምታነሳበት" አለች። ቆይታ ደግሞ፣ "ግን ሰውየው እንደገና አንሳኝ ቢሉህ በረጅሙ ከየት ሆነህ ነው የምታነሳቸው? ከሰኮሩ?"

"አጭሩን" ብዬ መለስኩ ለባለቤቴ እህት።

"እርግጠኛ ነዎት? ኋላ እንዳያለቅሱብኝ።"

"አጭሩን።"

ዕቃው ሲመጣ፣ አልደብቅም፣ ትንሽ ከፋኝ። ሰው የተጨነቀበት ነገር ትልቅ እንዲሆንለት ይፈልጋል። ይህ ግን እጄ ውስጥ ገብቶ ይጠፋል። የባለቤቴ እህት ደግሞ ከሻንጣዋ አውጥታ መዳፏ ላይ አስቀምጣ፣ "ጋሼ፣ ይሄ የበርበሬ ብልቃጥ የሚያክል ነገር ነው እንዲህ ያስጨነቅዎት? ይሄንንማ ሦስትም ቢያዙኝ አመጣ ነበር!" አለች።

"አንድ ብለሽ አልነበረም?"

"ያኔ ብረት መስሎኝ ነዋ!"

ያው ጠረጴዛ አጠገብ ባለቤቴ ሽንኩርት ትከትፍ ነበር። ካሜራውን ይዤ ከፊት ለፊቷ ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ።

"ዛሬስ ገባህ?" አለችኝ ቀና ሳትል።

"ገባኝ" አልኳት።

ብርሃኑ ያው የቤታችን ብርሃን ነው፤ ፎቶው ግን አልተንቀጠቀጠም። ከሽንኩርቱ የተነሳ ዓይኗ ውስጥ ያቀረረው እንባ ሳይቀር ይታያል። ልጄ አይታው "እማዬ፣ ምን ብሎሽ ነው ያስለቀሰሽ?" አለቻት።

በሚቀጥለው ጉዞዬ ከወዳጄ ጋር አጋሮ ወረድን። ያኔ የእሸት ቡናው ጊዜ ጀምሯል፤ መንገዱ ዳር ጆንያ የተሸከመ ሰው በዝቷል። አዛውንቱ እዚያው ፍራሻቸው ላይ ናቸው። አወቁኝ።

"የጋቢው ሰውዬ መጣ" አሉ። ሰላምታ ከተለዋወጥንና ትንሽ ከተጫወትን በኋላ ካሜራውን አወጣሁ። አዩትና እጃቸውን ዘረጉ።

"ና ካሲ።"

አሁን ተምሬያለሁ። "የቱን አባባ?" አልኳቸው።

"ሁለቱንም። መጀመሪያ እግሬን።"

ወዳጄ በአንድ ወገን፣ እኔ በአንድ ወገን ሆነን አነሳናቸው። በሩ አጠገብ ቆሙ፤ ብርሃኑ ከጎን ይመጣል፣ ዓይናቸውን አይወጋም። ወዳጄ ቀስ ብሎ ለቀቃቸውና እሳቸው በሩን ተደግፈው ቆሙ፤ እኔ ግን ብለቅ ይወድቃሉ ብዬ ፈራሁ። ግራ እጄ ክንዳቸውን እንደያዘ በቀኝ እጄ ካሜራውን ከአንገቴ ላይ አነሳሁት። ረጅሙ ሌንስ ቢሆን ሁለት እጅ ይፈልግ ነበር። ይሄኛው ለአንድ እጅ ቀለለ።

"ይፈቅዱልኛል?" አልኳቸው። አስቂኝ ጥያቄ ነበር፤ ራሳቸው ናቸው አንሳኝ ያሉት። ግን መጠየቅ እየለመድኩ ነበር።

"አሁን ጋቢ ብታደርገኝ ግን..." አሉና ሊስቁ ጀመሩ። አንዱ ዓይን ጠበበ፣ ሌላው ገና አልተከተለውም። ያኔ ነው ያነሳሁት።

ፎቶው ጉድለት አለበት። የቀረበው ዓይን ጥርት ብሎ የራቀው ጆሮ ደብዝዟል። ከታች በኩል ክንዳቸው ላይ የእኔ እጅ ይታያል፤ ጥፍሬ ሥር ያልጸዳው ግራሶም አለ። ልጄ ስትመለከተው "አባዬ፣ እጅህን ቆርጠህ አውጣው፤ በስልክ እንኳ ይሠራል" አለችኝ። ወዳጄም እጁ ባይኖር ይሻላል ባይ ነበር፤ ሊነግረኝ ግን አፈረ። እኔም እጁ ቢወጣ አልጠላሁም፤ ግን ከማሳተሜ በፊት አዛውንቱን ማስጠየቅ ይገባል አልኩ። ፊቱ የእሳቸው ነው።

ወዳጄ ስልኩ ላይ አሳያቸው። መጀመሪያ ፎቶውን ወደ ዓይናቸው አስጠጉ፣ ከዚያ አራቁት፣ ከዚያ መልሰው አስጠጉ።

"ይሄስ እኔ ነኝ" አሉ።

"አባ፣ እጁን እናውጣው?" አላቸው ልጃቸው።

"ተወው። ማን አነሳዎት ሲሉኝ በጣቴ አሳያቸዋለሁ።"

ፎቶው አሁን አጋሮ ያለው ሳሎን ግድግዳ ላይ፣ ከመስኮቱ ተቃራኒ ተሰቅሏል። ሌላ ግልባጭ ወዳጄ መስፊያ ማሽኑ ፊት ለፊት አለው፤ ሱሪዬን ላሳጥር በሄድኩ ቁጥር ግራሷን እያየሁ እጄን ኪሴ ውስጥ እከታለሁ። ጉሬዛዎቹ እስካሁን በእኔ ካሜራ የዝንብ ያህል ናቸው። ከሚኒባሱ መስኮት ሳያቸው ሰላም እላቸዋለሁ፤ ጎኔ የተቀመጠው መንገደኛ ዞር ብሎ ያየኛል፣ ከዚያ ወሬ እንጀምራለን።